የግምጃ ቤቱ ደብተር

ከዚራ ነው ሱቄ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣
ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥሪ ካርድ፣ የሙት ዓመት፤
ከታይዋን ገበያ አሮጌ የገዛኋት፣
ጎኗን ከፍቼ ማራገቢያ የደገንኩባት፣
የምታቃስት ዴስክቶፕ አለችኝ፤
ትናንት ማታ አፍ አውጥታ "ምረጥ" አለችኝ።

ዊንዶውሱን ነቅዬ ሊኑክስ ከጫንኩባት ሳምንቴ፤
ገጽ ማቀናበሪያ የለኝም፣ ሊዘጋ ነው ቤቴ።
የኢፍቱ እህት ሰርግ ደርሷል፣ ሦስት መቶ ጥሪ፣
ለቅዳሜ ያልኩ እኔ፣ የአፌ ተበዳሪ።

ሚፍታህ "በአፕት አውርደው" አለ፣ "የጋራ ጎተራ ነው፣
አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ወንፊት ተውሶ የሚኖርበት፤
ትንሽ ነው የሚበላው።"
"የካቻምና እህል!" አለች ኢፍቱ፣ "ነቀዝ የለመደው!
በፍላትፓክ አውርደው።
ውኃውን፣ ምንጣፉን፣ ትራሱን ይዞ እንደሚጓዝ ነጋዴ
ሳጥኑን ዘግቶ ይመጣል፣ ጎረቤት አያስቸግር።
የዚህ ወር ነው፣ አዲስ።"
"አንድ ጊጋ! ለጥሪ ካርድ!" ሚፍታህ ጠረጴዛዬን መታ፣
"ጨው ሊበደር ኩሽናውን አዝሎ የሚመጣ እንግዳ!"
"ካንተ ጎተራ ደግሞ አንድ ከረጢት ሲሳብ
ግድግዳው አብሮ ይወርዳል።"

እኔ የማውቀው ፓኬጅ ሌላ ነው፣
ከቴሌ የሚገዛው፣
እኩለ ሌሊት ተወልዶ ሲነጋ የሚሞተው።
የቀረኝ ስምንት መቶ ሜጋ ነው።
ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤
ኢፍቱ ግን ስልኳን ከፍታ ዋይፋይ አጋራችኝ፣
ሰበብም አሳጣችኝ።

ይኼኔ ጋሽ ዳምጠው ገቡ፣ የጡረታ ወረቀት ይዘው።
ምድር ባቡር ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ፤
ቁልፉን ካስረከቡ ቆይተዋል፣
የኮታቸው ኪስ ግን ዛሬም በቁልፍ ልክ እንደዘመመ ነው።
ቆመው ሰሙን። ኮምፒውተር አያውቁም።

"ጠባችሁ ገባኝ" አሉ።
"ብሎን ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ ራሱን እንጂ ጥርሱን አያይም።
የፈረንሳዩ ጥርስ ከጣሊያኑ አይገጥም፤
ስለዚህ ደብተር ነበረኝ፦
የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ፣
ይኼኛው ቢነሣ የቱ ፉርጎ እንደሚቆም።
አንድ ሾፌር ነበረ፣ ዋርሳማ፣ ደብተሬን የማያምን፣
ለሁሉ ብልሽት መለዋወጫ በግል ሳጥኑ የሚጭን።
አይሻ ላይ ስንቱ ባቡር በፀሐይ ሲጠበስ
የሱ ብቻ ይነሣል። አደንቀው ነበር።

"አንድ ቀን ቫልቩ ፈነዳበት። ስንጥቅ ነበረ።
ያን ዓይነት ቫልቭ ስንጥቅ እንደሚወጣው እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ፣
ከመደርደሪያዬ ለቅሜ ጥዬዋለሁ፤
ከሱ ሳጥን ግን
ማን ገብቶ ያውጣለት?"

"ታዲያ የቱ ይሻላል ጋሼ?" አልኳቸው።
ወረቀታቸውን ቆጠሩ።
"አራት ነው ያልኩህ፣ አምስት አወጣህ።"
የአራቱን ከፍለው ሄዱ።

መሸ። ሙቀቱ ግን አልመሸም።
ከደቻቱ በኩል የደረቀ አሸዋ የሚሸት ነፋስ መጣ፣ ተመለሰ።
መብራቱ ብልጭ ሲል ልቤ አብሮ ብልጭ፤
ጣቶቼ የጎተራውን ስም ጻፉ።
"ሠላሳ አንድ ዕቃ አብሮ ይገባል፣ ልቀጥል?" አለች።
ሠላሳ አንድ። ሳቄ መጣ።
አዎ አልኳት።
መስመሩ በመስመር ላይ ሲወርድ
አንድ ሰው በጨለማ፣ በመደርደሪያ መሐል፣
ገጽ በምራቁ የሚገልጥ መሰለኝ።

ካርዱ ቅዳሜ ሳቢያን ደረሰ።
የሙሽሮቹ ስም አልተሳሳተም፤
ወርቃማው ጠርዝ አንድ ፀጉር ያህል ተዛንፏል።
"ስሪቱ የስንት ዓመት ነው?" ያለ እንግዳ የለም።
ኢፍቱ ብቻ ጠርዙን በጥፍሯ ዳሰሰችና
ዝም አለች።

እኔም ዝም አልኩ።
ያን ሌሊት፣ በሷው ዋይፋይ፣
ያን የሷን ሳጥንም አውርጄዋለሁ፤
ጥግ ይዞ ተቀምጧል፣ ሳይከፈት።
ምን ይታወቃል፣
አይሻ ላይ ብቆምስ?